የሸራው ላይ ወፍ

ባለፈው ሐምሌ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከታክሲ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር። ጃንጥላ ጠጋኝ ያሳደገኝ ሰው ሆኜ በክረምት ባዶ እጄን መውጣቴ ለራሴም ይገርመኛል፤ ግን እንዲህ ነኝ። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ከላይዋ በእንጨት የተወጠረ አሮጌ ሸራ አለ። ሳልጠይቃት ከሥሩ ገባሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የረጠበ ሸራና የቆየ የዘይት ቀለም ሽታ፣ ከበቆሎው ጭስ ጋር ተቀላቅሎ። አውቀዋለሁ፣ ግን ከየት እንደማውቀው ጠፋኝ። ቀና ስል ከራሴ በላይ የኮኮናት ዛፍ ተዘርግቷል። ግንዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ሥሩ ቢጫ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ሰማያዊ ባሕር። ቀለሙ ብዙ ቦታ ላይ ተላልጧል። ከባሕሩ በላይ ሰማዩ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ቅዳድ አለ፤ ዝናቡ የሚገባው በእሱ በኩል ነበር።

"በቆሎ ልስጥሽ?" አለችኝ ሴትየዋ።

"ይሄን ሸራ ከየት አገኘሽው?"

"ከፎቶ ቤቱ። ሲፈርስ ሜዳ ላይ ጣሉት። ያፈሳል እንጂ ጠንካራ ነው። ምነው፣ የናንተ ነው እንዴ?"

አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም። በቆሎውን ተቀብዬ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አንጋጥጬ ቆምኩ።

እናቴ ደሴት የሄደችው እኔ ሁለተኛ ክፍልን ልጨርስ ስል ነው። ዓረብ አገር፣ ባሕሬን የምትባል ደሴት፣ ለቤት ሠራተኝነት። ዛሬ እንዲህ በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን ማንም በዚህ ቋንቋ አልነገረኝም። በሄደችበት ጠዋት በር ላይ ቆሜ "የት ነው የምትሄጂው?" ስላት፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች "ደሴት" አለችኝ።

"ደሴት ምንድን ነው?"

"አባባን ጠይቂያቸው። እሳቸው ያውቁታል።"

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ደምሴ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ምጽዋ ኖረዋል፣ ዳህላክ ደሴቶች ላይ ዘብ ቆመዋል። ከዚያ ሁሉ ባሕር በኋላ የተረፋቸው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ያለች አንድ ክፍል ቤትና በራፏ ላይ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ያለች አግዳሚ ወንበር ነበረች። እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጃንጥላ ይጠግናሉ። በበጋ ጫማም ይሰፉ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ሰው ሁሉ ሽቦው የተሰበረበትን፣ ጨርቁ የተተረተረበትን ይዞ ይመጣል። ሰጥቶ የሚረሳም አለ። ባለቤት የጠፋላቸው ጃንጥላዎች ከአልጋው ሥር ተከምረው ነበር፤ የምተኛው እነሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስህተቴ የመጣው ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ሳሎን ነው። ያኔ ኮልፌ ውስጥ ሳሎን ያለው ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ትልቅ ፖስተር ይለጥፍ ነበር። አንዱ ቤት ፏፏቴ፣ አንዱ ቤት ስሙን በማናውቀው ፍራፍሬ የተሞላ ሳህን፣ እትዬ ዘይነባ ቤት ደግሞ ባሕርና የኮኮናት ዛፍ። ዛፉ ሥር ሁለት ፈረንጆች በረጅም ወንበር ላይ ተጋድመው፣ ትልቅ ባለ ቀለም ጃንጥላ ተተክሎላቸው፣ በቀሰም ጭማቂ ይጠጣሉ። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰሚራ ጓደኛዬ ናት። "ደሴት ማለት ይሄ ነው" አለችኝ በኩራት፣ የራሳቸው ርስት ይመስል።

ስለዚህ እናቴ የት እንዳለች አወቅኩ። ተጋድማለች። ጭማቂ ትጠጣለች። በጣም ተናደድኩባት። እኛን በዚህ ጭቃ ውስጥ ጥላ ለብቻዋ ዕረፍት ወጥታለች አልኩ፤ ለአባባም እንዲሁ ነገርኳቸው።

አባባ ሽቦ በጥርሳቸው ይዘው ነበር። አወጡትና አዩኝ። እሷ ሠራተኛ ናት ሊሉኝ ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን ሌላውን ነው።

"ደሴት ላይ ሰው ዝም ብሎ አይጋደምም" አሉ። "ሥርዓት አለው። እነዚያ ፈረንጆች አያውቁም።"

"ምን ይደረጋል ታዲያ?"

"መጀመሪያ ጫማ ይወለቃል። ደሴት ላይ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ሰው እንግዳ ነው፤ የአገሩ ሰው ይስቅበታል። ጠዋት አሸዋው ሳይግል በባዶ እግር ዳር ዳሩን ይኬዳል። ዛጎል ይለቀማል። ዛጎሉን አንስተሽ ጆሮሽ ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ውስጡን ታዪዋለሽ፤ የሚኖርበት ካለ መልሰሽ ታስቀምጪዋለሽ። ቤቱ ነዋ። ፀሐይ ስትከር ጥላ ሥር ዓሣ ይጠበሳል፣ በእጅ ይበላል። ወደ ማታ ላይ ውሃው ሲሞቅ ሰው ይንሳፈፋል።"

"ይዋኛል?"

"መዋኘት ሌላ፣ መንሳፈፍ ሌላ። ነይ ላሳይሽ።"

አግዳሚውን ጠረጉልኝና በጀርባዬ አስተኙኝ። እጄን ግራና ቀኝ አስዘረጉኝ። "የፈራ ሰው ይንፈራገጣል፣ ሲንፈራገጥ ይሰምጣል። አንቺ ጀርባሽን ስጪው። ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይግባ። ሰማዩን እዪ፣ ሌላ ምንም አትሥሪ።" ሰማዩ የዛገ ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ ሲወርድበት ግን ጆሮዬን የሚሞላ ነገር ሆነ፤ የባሕር ድምፅ እንዲህ ነው ብለውኛልና አመንኳቸው። አሁንም ባሕር ብዬ ሳስብ የሚሰማኝ እሱ ነው።

"እማዬ ትችላለች?"

"እዚችው አግዳሚ ላይ ነው ያስተማርኳት፣ አንቺን ስታክል።"

ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ደሴት ስንሠራ ከረምን። አጎራባቹ ጊቢ ቤት እየተሠራ ስለነበር ከውጭ የተከመረ አሸዋ አለ፤ ጎርፉ ሲመጣ ዙሪያውን ይከበባል። እኔና ሰሚራ ከአልጋ ሥር አንድ ባለቤት የሌለው ጃንጥላ አውጥተን ጫፉ ላይ ተከልን። ጫማችንን አወለቅን። የሐምሌ ብርድ እግራችንን እያንዘረዘረው ዛጎል ለቀምን፣ ማለትም የጠርሙስ ቆርኪ፤ የሚኖርበት እንዳለም እያየን መለስን። ሰሚራ ጥርሷ እየተንገጫገጨ "ደሴት ይበርዳል እንዴ?" ስትለኝ፣ "ጠዋት ላይ ነው" እላታለሁ። የአሸዋው ባለቤት መጥተው ሲያባርሩን አባባ ከአግዳሚያቸው ሆነው "ተዋቸው፣ ዕረፍት ላይ ናቸው" አሏቸው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ እኔን እጄን ይዘው እትዬ ዘይነባ ቤት እንሄዳለን። ስልክ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። ስልኩ በዳንቴል ተሸፍኖ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እናቴ እንደደረሰች አንድ ጊዜ እዚያ ደውላ "ደህና ገባሁ" ብላ መስመሩ ተቋርጧል። እኔ የምንሄደው ለዝንጅብል ሻዩና ፖስተሩን ለማየት ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ ብዙ አይጫወቱም። ስልኩ ሲጮህ አባባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ ለሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ስንወጣ እትዬ ዘይነባ "ለሚመጣው እሑድ" ይላሉ፤ አባባም "ለሚመጣው እሑድ" ብለው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ እንዲህ ይባባላሉ ብዬ አስብ ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ የመጣው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ካርዴን ይዤ የገባሁ ቀን ነው። አባባ ካርዱን አገላብጠው አዩና እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። "እናትሽ በሰው እጅ ልካልሻለች" አሉ።

ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። ከኋላዋ የኮኮናት ዛፍ፣ ባሕር፣ በሰማዩ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ወፍ። ፎቶውን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። ማታ ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ።

"አባባ፣ ጫማ አድርጋለች።"

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ጥቁሩ ጫማዋ ነው፣ በር ላይ ስታስረው ያየሁት።

"ገና መድረሷ ነዋ" አሉ። "እንግዳ ናት።"

ሁለተኛው በቡሄ መጣ። ነጭ ሸሚዝና ሻሽ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ባሕር፣ ያው ጫማ። አሁን ተናደድኩ። "እስካሁን አላወለቀችም! አልነገሯትም እንዴ?"

"ነግሬያታለሁ። ታወልቃለች።"

"ወፏም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።"

አባባ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቀረቡና ወፏን አዩዋት። "የባሕር ወፍ እንዲህ ናት" አሉ። "ነፋሱን ደገፍ ብላ፣ ክንፏን ሳታንቀሳቅስ አንድ ቦታ ትቆያለች። በዓይኔ አይቻለሁ።" ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እውነት ነበረው። እውነትም ነው፤ ወፎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ እትዬ ዘይነባ ሻዩን እየቀዱ "ጋሽ ደምሴ፣ የወንድሜ ሚስት ከእንቁጣጣሽ በኋላ ለንግድ ባሕሬን ትሄዳለች" አሉ። "ታፈላልጋት። የልጅቷን ፎቶ ይዛ ትሂድ፤ ካገኘቻት ታሳያታለች።"

"እኔ ወስጄ አስነሳታለሁ" አሉ አባባ።

"መቼ?"

"ዝናቡ ይቁም ብቻ።"

ታፈላልጋት የሚለውን ቃል ያዝኩ። የሚፈለገው የጠፋ ነገር ነው። ግን ደሴቱ ትልቅ ይሆናል፣ ብዙ የኮኮናት ዛፍ ይኖረዋል፣ እናቴ የትኛው ሥር እንዳለች ባይታወቅ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ቆመ። አባባ ግን ፎቶ ቤት አልወሰዱኝም። አንዴ ወገባቸውን አመማቸው፣ አንዴ ጃንጥላ በዛባቸው።

ጳጉሜ ገባ። በሩፋኤል ቀን ዝናብ ሲጥል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ይወጣል፤ ያ ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። ሰሚራም ትወጣ ነበር፤ እናቷ "እንዳይበርዳት እንጂ ዝናቡ የሁሉም ነው" ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት እኔና እሷ ደሴታችን ላይ በጀርባችን ተኝተን፣ እጃችንን ዘርግተን ዝናቡን ጠጣን። የክረምቱ ትልቁ ደስታዬ ያ ነው። እናቴም አሁን እንዲህ ተንሳፍፋለች አልኩ። የመጨረሻው ንዴቴም ለቀቀኝ።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ትዕግሥታቸው አለቀ። አባባ ጃንጥላ ሊያደርሱ ወጣ ሲሉ ጠብቀው፣ ፀጉሬን አበጥረው፣ የሰሚራን የዒድ ቀሚስ አልብሰው፣ ሁለታችንንም አሥራ ስምንት ማዞሪያ ፎቶ ቤት ይዘውን ሄዱ። ፎቶ አንሺው ጋሽ በቀለ ይባላሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የዘይት ቀለምና የእርጥበት ሽታ አለው። መጋረጃውን ስብስብ አድርገው ከፈቱት።

ደሴቱ እዚያ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። እንዴት እዚህ መጣ የሚለው ቆይቶ ነው የመጣው። እናቴን ፈለግኳት። ሮጬ ከሸራው ጀርባ ገባሁ። ግድግዳ ነው፤ አንድ መጥረጊያ ቆሟል። ተመልሼ ወጥቼ ወፏን አየኋት። በጥቁር ክር የተሰፋች ናት። ክረምቱን በሙሉ ያየኋት ወፍ፣ ነፋስ ተደግፋ የቆመችው ወፍ፣ ሦስት አራት የክር ጥልፍልፍ ነበረች።

"አንቺ የጽጌ ልጅ አይደለሽም?" አሉ ጋሽ በቀለ ካሜራቸውን እያስተካከሉ። "እናትሽም ልትሄድ ሰሞን እዚችው ነው የቆመችው። ሦስት ልብስ እየቀያየረች። ቅዳዱን ልሸፍነው ስላት፣ ይታይ፣ ወፍ ይመስላል አለችኝ።"

"ጋሽ በቀለ፣ ቶሎ ያንሱልን" አሉ እትዬ ዘይነባ፤ ነገሩ የገባቸው ገና ያኔ ነበር። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ሳቂ" አሉኝ ጋሽ በቀለ። ሳቅኩ መሰለኝ።

ስንመለስ እትዬ ዘይነባ እጄን አጥብቀው ያዙ። ታክሲ ረዳቶቹ እየተጣሩ፣ ሰሚራ እያወራች ሄድን። ሰፈር ልንደርስ ስንል ቆም አሉና "ለአባባ ትነግሪያቸዋለሽ?" አሉኝ።

"አልነግራቸውም።"

የልጅ ሒሳብ ቀላል ነው። ፎቶዎቹ ከመጋረጃው ጀርባ ከመጡ፣ ከደሴቱ የመጣ ምንም ነገር የለም። እሑድ የምንሄደው ለሻይ አይደለም። ልብሶቹ ሦስት ናቸው፤ የተሰጡኝ ፎቶዎች ሁለት። እንቁጣጣሽ ደግሞ ደርሷል። ሦስተኛው ከወጣ በኋላ እናቴ ምንም አይቀራትም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አግዳሚው ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፣ እጄን ዘረጋሁ።

አባባ ሲመለሱ "ምነው ልጄ?" አሉኝ።

"እየተንሳፈፍኩ ነው" አልኳቸው።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጃገረዶች አደይ ይዘው በየበሩ ይዘፍናሉ። አባባ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጃቸው ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ። ነጭ ፖስታ ብቅ አለ።

"እናትሽ ለበዓል..." ብለው ጀመሩ።

"አባባ፣ ይቆይ።"

"ምኑ?"

"ፎቶው። ዛሬ አልየው። ለሌላ በዓል ይቀመጥ።"

"ለምን? በዓል እኮ ነው።"

"ይሄ ከወጣ ሌላ የላትም።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ማን ነገረሽ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ወፏ ክር ናት።"

አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው። ድምፅ አላሰሙም፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ቁልቁል መንገዱን ያያሉ። እኔ ያበላሸሁት ነገር ያለ መስሎኝ ጉልበታቸውን ያዝኩ። "እሷ ናት ያለችኝ" አሉ። "'ስልክ ካጣሁ ልጄ እንዳትጨነቅ፣ በየበዓሉ አንድ አንድ ይስጡልኝ' ብላኝ ነው የሄደችው።" ከዚያ ፖስታውን ሳይከፍቱት እጄ ላይ አደረጉልኝ። "እሺ። እንዳልሽው ይቆያል። አንቺው ጠብቂው።"

ፍራሼ ሥር አስቀመጥኩት። የእትዬ ዘይነባ ወንድም ሚስት ፎቶዬን ይዛ ሄዳ፣ ይዛው ተመለሰች። በገና ጠዋት አባባ "ዛሬስ?" አሉኝ፤ "ይቆይ" አልኳቸው። በጥምቀትም፣ በፋሲካም ጠየቁኝ። ይቆይ። እሑድ እሑድ ስልኩ አጠገብ መቀመጣችንን አልተውንም፤ አሁን ግን እሳቸው ብድግ ሲሉ እኔም አብሬ እነሳለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ፣ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ፣ አባባ አግዳሚው ላይ ሽቦ ያቃናሉ፣ እኔ ክር እይዝላቸዋለሁ። አንድ ሰው ፊታችን ቆመ። ጃንጥላ ሊያስጠግን የመጣ መስሎኝ ቀና አልኩ። ጃንጥላ አልያዘችም። አንድ ፌስታል ብቻ ነበራት፤ በጣም ከስታለች፤ ጫማዋ የራሷ አይደለም።

አባባ ስሟን ጠርተው አቀፏት፣ ሌላ አላሉም። የት ነበርሽ፣ ለምን አልደወልሽም ብለን አንድም ነገር አልጠየቅናትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ የክረምቱን ጥያቄ ሁሉ ለአንድ ዓመት አጠራቅሜ ነበር፤ ዛጎል ለቀምሽ ወይ፣ ተንሳፈፍሽ ወይ። የተሰነጣጠቀ እጇን ሳየው ተውኩት። ሮጬ ገብቼ ፖስታውን አመጣሁላት።

"ይሄን አላየሽውም?" አለች የተለጠፈበትን ጫፍ እየነካች።

"እየጠበቀችሽ ነበር" አሉ አባባ።

ከፈተችው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ወፏ ከላይ አለች። እግሯ ባዶ ነበር። ጣቶቿ ወደ ውስጥ እጥፍጥፍ ብለዋል።

"አወለቅሽ" አልኳት።

"አባባ ያሉት ትዝ ብሎኝ። ሲሚንቶው እንዴት እንደቀዘቀዘኝ!" አለችና ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። "ባሕሩን ልብስ ሳሰጣ በመስኮት አየው ነበር። መውጣት የለም፣ ስልክም የለም። ደሴት ላይ በባዶ እግሬ የቆምኩት እዚያች ፎቶ ቤት ብቻ ነው።"

አባባ ከአግዳሚው ተነሱ። ሽቦውንና መቀሱን ወደ ጎን አደረጉና መቀመጫውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ጫማሽን አውልቂ ጽጌ" አሉ። "ጀርባሽን ስጪው።"

እናቴ አወለቀችና ተኛች። እጆቿን ዘረጋች፤ አንዱ ወደኔ በኩል ወረደ፣ ያዝኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሞላው። ዓይኗ ክፍት ነበር፣ ሰማዩን ታያለች፣ ሌላ ምንም አትሠራም። በሌላው እጄ ጫማዋን አንስቼ ዝናብ እንዳይመታው ወደ ቤት ውስጥ አስገባሁት።